የጋሽ ሚስባህ የቃል ደብዳቤዎች

ጋሽ ሚስባህ አንቱ መባል አይወድም ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አምስት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው፤ እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ ታላቅን አንቱ እያልን ያደግን የሰሜን ወሎ፣ የሀብሩና የጉባ ላፍቶ ልጆች ነን። ያም ሆኖ የስቱዲዮውን በር ገና ከፍተን ስንገባ፣ «አንቱታውን ለመምህሮቻችሁ አቆዩት፤ እኔ ሽቦ ቀጣይ ነኝ» ይለናል። ስለዚህ ዛሬም ታሪኩን ስጽፍ አንተ እንዳልሁት ነው፤ የሚያነብ ታላቅ ሰው ካለ እንዳይቀየመኝ።

እኔ ሁሪያ እባላለሁ፤ የመርሳ ልጅ ነኝ። ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው የኮሙኒኬሽንና የሚዲያ ጥናት ኮሌጅ በ2010 ገብቼ፣ ጦርነቱ ከመድረሱ ከጥቂት ሳምንት በፊት ተመረቅሁ። ጋሽ ሚስባህ የኮሌጁ ስቱዲዮ ቴክኒሻን ነበር። ቤቱ መርሳ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከእኛ ቤት በሦስት በር ርቀት ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ወደ ወልድያ እንሄዳለን። መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ የሰው ወሬ ያዳምጣል። ስንወርድ፣ «ከኋላ ወንበር ያለችው ሴትዮ ስለ ልጇ ስታወራ ድምፅዋ የት ላይ እንደወረደ ሰማሽ?» ይለኛል። እኔ አልሰማሁም።

የተወለደው ከመርሳ በላይ ባለችው በግራና ነው። አባቱ ሸህ አብዱልሐሊም ማሽላ የሚያርሱ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ጨው የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አጎቱ አሰብ ወደብ ተሸካሚ ሆኖ ሠርቶ ሲመለስ ሬዲዮ ይዞ መጣ፤ ሚስባህም ድምፁ ለምን እንደሚንኮሻኮሽ ለማወቅ ብሎ በቢላዋ ጫፍ ፈታው። አጎቱ ገረፈው። በማግሥቱ ሬዲዮው ተገጥሞ ሲከፈት ከበፊቱ ጥርት ብሎ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ የግራና ሰው የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ያመጣ ጀመር። ሃያ ዓመት ሲሞላው መርሳ ወርዶ አንዲት ክፍል ተከራየና ሬዲዮና ቴፕ መጠገኛ ከፈተ።

ያን ሱቅ ዛሬም የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው፤ የሚያስታውሱት ግን በጥገናው አይደለም። በዚያን ጊዜ የሀብሩ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ጅዳ መግባት ጀምሮ ነበር። ስልክ የለም፤ እናቶችም አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ካሴት ይገዙና ከጋሽ ሚስባህ ሱቅ ገብተው በቴፑ ፊት ይቀመጣሉ። ቀዩ ቁልፍ ሲጫን ግን አንደበታቸው ይተሳሰራል። እሱ ያን ጊዜ፣ «መጀመሪያ ስለ ላሟ ንገሪው» ይላቸዋል። ስለ ላሟ ይጀምራሉ፣ ከላሟ ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ልጁ ይተኛበት ወደነበረው መደብ ይደርሳሉ፤ ካሴቱ ሲያልቅ እንባቸውን በነጠላ ጫፍ ጠርገው ይወጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ መልሱ በካሴት ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተሰብስቦ ይሰማል። የስንቱን ቤት ጉድ በጆሮው ሰምቷል፤ አንዱም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ሞባይል ሲገባ ያ ሁሉ ቀረ። ሰው ሁሉ ድምፁን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ጋሽ ሚስባህም ባትሪ ቻርጅ እያደረገ፣ ስክሪን እየቀየረ ኖረ። አንድ ቀን ከወልድያ መምህር ስዩም የሚባል ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር አቅፎ ከሚኒባስ ወረደ። የኮሌጁ ብቸኛ ሚክሰር ነው፤ ሌላ ከተማ ወስዶት አይሠራም፣ ጣለው ብለውታል። ጋሽ ሚስባህ ሁለት ቀን አብሮት ዋለና ሠራው። መምህር ስዩም ሊወስደው ሲመጣ፣ ጋሽ ሚስባህ እቃው የት ቦታ እንደሚቀመጥ ማየት እንደሚፈልግ ነገረውና አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከስቱዲዮው አልወጣም። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የቅጥሩ ነገር ብዙ አስቸገረ። መምህር ስዩም አንድ ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሰ በረዳትነት አስቀጠረው፤ ቆይቶ ቴክኒሻን ተባለ።

ስቱዲዮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የመጥረጊያና የባልዲ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበታል። ካርቶኑን የሰበሰብነው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካሉት ቁርስ ቤቶች ነው፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጠዋት እንቁላል ያልበላ የኮሙኒኬሽን ተማሪ አልነበረም። ከበሩ በላይ ያለው ቀይ አምፖል ሲበራ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ጫማውን አውልቆ ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ጋሽ ሚስባህ ቁጭ በሉ ይልና የግራናን፣ የአሰብን፣ የጅዳ ካሴቶችን ወግ ያወራልናል። አሁን ሳስበው ከእነዚያ ዓመታት አጥብቄ የማስታውሰው ትምህርቱን አይደለም፤ መብራት የጠፋባቸውን ከሰዓት በኋላዎች ነው። ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ በመስኮቱ የወልድያ ተራሮች ይታያሉ፤ እኛ ወለሉ ላይ ተኮልኩለን መብራቱ ባይመጣ እንወዳለን።

ምሳ ሰዓት ላይ ዜና እናነብ ነበር። ማሠራጫ ስላልነበረን ከካፌው ደጅ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው የምናነበው። የመጀመሪያ ተራዬ የደረሰ ቀን ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። ከዜናዎቹ አንዱ የአንድ ታዋቂ የሀብሩ ሽማግሌ ሞት ነበር፤ «ሸህ እንድሪስ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ» ብዬ ስቀጥል ድምፄ ከጆሮ ማዳመጫዬ ጠፋ። ጋሽ ሚስባህ አጥፍቶታል። ካፌው ሙሉ ተማሪ እየጠበቀ ነው።

«ሀብሩ ውስጥ ስንት እንድሪስ አለ?» አለኝ።

«ብዙ።»

«ለሁሉም ቤት ነው ለቅሶ የላክሽው። የአባታቸውን ስም ጨምረሽ እንደገና አንብቢ።»

መልሶ ከፈተልኝና አነበብሁ። ያን ቀን ተናድጄ ምሳዬን አልበላሁም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም በጥቂት ቀናት ልዩነት ተያዙ። ያ ከመሆኑ በፊት በነበረው ሳምንት ከቆቦ የሚመጣው ሰው በእግርም በመኪናም አስፋልቱን ሞልቶት ነበር፤ ከዚያም የእኛ ከተማ ሰው ተከትሎት ወደ ደሴ ነጎደ። ጋሽ ሚስባህ በመጨረሻው ቀን ከወልድያ በእግሩ ነው የመጣው። ስቱዲዮውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ወጥቷል። የዘጠኝ ዓመት ቅጂ፣ ማለትም ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ከየገጠሩ የቀዱት የሽማግሌ ድምፅ፣ መንዙማው፣ እንጉርጉሮው፣ የገበያው ጫጫታ፣ ሁሉም በሦስት ሃርድ ዲስኮች ላይ ነበር። ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም ብዬ ጠየቅሁት። ቦርሳው ውስጥ አስገብቷቸው እንደነበረ፣ ግቢው በር ላይ ግን ታማ መራመድ ያቃታት የጽዳት ሠራተኛ አግኝቶ ሕፃኗን ለመሸከም ሲል ተመልሶ ካቢኔው ውስጥ እንዳስቀመጣቸው ነገረኝ። ሕፃኗ ከባድ ነበረች፣ አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

እኛ ቤት አያቴ ስለታመመች አልሸሸንም። እሱም ሚስቱ ነሲባ እግሯን ስለሚያማት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ወር የኖረበት ያውቀዋል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መድኃኒት የለም። ከሁሉ የባሰው ግን አለማወቁ ነበር። ከየቤቱ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ፣ ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከወዲህ ያለው ከወዲያ ያለው ሞተ ይላል፣ ከወዲያ ያለውም እንዲሁ።

ጋሽ ሚስባህ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዘግቶት የነበረውን ሱቁን ከፍቶ የድሮ ሬዲዮዎችን መጠገን ነው። ሰው ከየቆጡ ያወረደለትን ሁሉ ፈታትቶ ከአምስቱ አንድ ያወጣል፤ ከጣሪያው ላይ ባለች ትንሽ ሶላር ባትሪ ይሞላል። ነገር ግን ሬዲዮው ስለ ጦር ግንባር እንጂ ስለ እገሌ ልጅ አይናገርም። ሰዎች ዜናውን ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው አይሄዱም ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብለው ይቀራሉ።

ዓሪፍ የሚባል የፍየል ነጋዴ ነበረ። ከውርጌሳ በላይ ያለውን የተራራ መንገድ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ግንባሩን በጎን ዞሮ ወደ ደሴ ይሻገራል፣ ይመለሳል። ሰዎች ደብዳቤ ሊያሲዙት ሞከሩ፤ እሱ እምቢ አለ። በየኬላው ስለሚፈተሽ፣ ወረቀት የተገኘበት ሰው ሰላይ ተብሎ እንደሚያዝ አይቷል። ጋሽ ሚስባህ ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና፣ እንግዲያው በቃል ያዘው አለው።

እንዲህ ተጀመረ። መልእክት ያለው ሰው ጠዋት ወደ ጋሽ ሚስባህ ሱቅ ይመጣል። ሁሉም እንደዚያ ዘመን እናቶች ብዙ የሚናገረው አለው፤ እሱ አንዱንም ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ፣ «ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ የሚደርስ ቢሆን የቱ ይድረስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ይጨነቃል፣ ጣሪያ ያያል። አንዲት ሴት ግማሽ ሰዓት ተናግራ ስታበቃ፣ «ነጯ ላም ወልዳለች በለው፤ ደህና መሆናችን ከዚያ ይገባዋል» አለች። እኔ የኮሌጅ ተመራቂዋ ሥራዬ ማስጠናት ነበር። ዓሪፍን አስቀምጬ የላኪውን ሙሉ ስም፣ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ ያለበትን ቦታና ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። በአንድ ጉዞ ከዘጠኝ መልእክት በላይ አንሰጠውም፤ አሥረኛው ዘጠኙን ያስረሳል። ዓሪፍ ሲመለስ ደግሞ በተራዬ እኔ እሰማዋለሁ። ስንቱን ቤት እንዳሳረፍን አልቆጠርሁም። ጋሽ ሚስባህ ደስ ሲለው የሚያደርገው ነገር ቢኖር መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ነው፤ ያን ሰሞን ብዙ ጊዜ ይጠርግ ነበር።

የመስከረም ወር ሊያልቅ ሲል ዓሪፍ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ደሴ፣ ተፈናቃዮች ካረፉበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በተቅማጥ ሞቶ ተቀብሯል። ሳሙኤል ይባላል፣ የመርሳ ልጅ ነው።

ከጋሽ ሚስባህ ሱቅ አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ሸዋዬ አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሳሙኤል። ባጃጅ ነጂ ነበር። ከተማው የተያዘ ዕለት ሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች ጭኖ ወደ ደሴ ሄዶ ቀርቷል።

«ሳሙኤል ማን?» አለ ጋሽ ሚስባህ።

«ሳሙኤል የመርሳው።»

«የአባቱን ስም ነው የጠየቅሁህ፣ ዓሪፍ።»

ዓሪፍ አልጠየቀም። የነገረችው ውሃ ስትቀዳ ያገኛት ሴት ናት፤ መቃብሩንም አላየም። ጋሽ ሚስባህ ወሬው ከሱቁ እንዳይወጣ ለመነው፤ ነገር ግን ዓሪፍ መንገድ ላይ የእትዬ ሸዋዬን ታላቅ ወንድም ጋሽ አስፋውን አግኝቶ ነግሮ ነበር።

ጋሽ አስፋው የተከበሩ የእድር ዳኛ ናቸው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወዲያው መጡ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። በማግሥቱ ንጋት ላይ ለእህታቸው መርዶ ሊነግሩ እንደሆነ ገልጸው፣ ጋሽ ሚስባህም ጎረቤት ስለሆነ አብሮ እንዲቆም ጠየቁት። እሱ አልቆምም አለ። የሞተው የእትዬ ሸዋዬ ልጅ ስለመሆኑ አንድ ሰው እንኳ ምስክር እንደሌለ፣ ዓሪፍ ሄዶ አረጋግጦ እስኪመለስ እንዲታገሡት አስረዳቸው።

«የእህቴ ልጅ ሳይለቀስለት ይክረም ነው የምትለኝ?» አሉ ጋሽ አስፋው።

«እሱ ከሆነ አብሬዎት አለቅሳለሁ። ካልሆነስ፣ ጋሽ አስፋው? አንዴ መርዶ የሰማ አንጀት፣ ኋላ ውሸት ነው ቢሉት መች ይመለሳል?»

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ደጅ ላይ ብዙ ተነጋገሩ። ተመልሰው ሲገቡ አንድ ጉዞ ፈቀዱለት። ጋሽ አስፋው ግን ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ሞቶ ከሆነ በእህቴና በእንባዋ መሃል የቆምኸው አንተ ነህ፤ ይህን እወቀው» አሉት። በእኛ አገር ሞት መደበቅ ቀላል ነገር አይደለም። መርዶ የደበቀ ሰው ለቅሶ የሰረቀ ያህል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዓሪፍ ሊነሣ ሲል እትዬ ሸዋዬ ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከወንበሩ ተቀመጡና ለልጃቸው መልእክት እንዳላቸው ተናገሩ። ለሳሙኤል ብዙ የሚሉት ነበራቸው፤ ባጃጁን ለሰው እንዳያውስ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳይበላ፣ የሻይ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን እንዳቆመ፣ ደመራውን በሌለበት እንዳዩት። ጋሽ ሚስባህ አቀርቅሮ ይሰማል። እኔ ዓሪፍን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። እኔ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ሸዋዬ ጥቂት አሰቡ። «ካልሲ ያድርግ በሉልኝ» አሉ። «ደሴ ብርድ ነው፤ እሱ የቆላ ልጅ ነው።»

ጋሽ ሚስባህ ተነሥቶ ከጀርባ ወደ ነበረው ጓሮ ወጣ። እኔ ዓሪፍን ሦስት ጊዜ አስደገምሁት። ሳሙኤል ደምሴ፤ ከእናቱ ከሸዋዬ፤ ካልሲ ያድርግ።

ዓሪፍ በስምንት ቀን ይመለስ የነበረ ሰው፣ ያን ጊዜ ጦርነቱ መንገዱን ስለዘጋበት አሥራ ሰባት ቀን ቆየ። ያን ያህል ረጅም አሥራ ሰባት ቀን አላየሁም። ጋሽ አስፋው ሲያልፉ ሰላምታ አይሰጡትም። ወሬው በጆሮ በጆሮ ሄዶ ከመስጊድ ሲወጣ ሳይቀር ሰው በጎሪጥ ያየው ጀመር። ነሲባ ምግብ አልበላ ስላላት ተጨንቃ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ወደ ግራና እንሄዳለን፣ እዚህ ፊት የለንም አለችው። እሱ ሻይ ቤቱ መግባት አቆመ። አንድ ቀን እትዬ ሸዋዬ ጠርተውኝ፣ ሚስባህ ለምን ሻይ እንደተወ ጠየቁኝ። ጨጓራው ነው አልኋቸው። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ «አላህ ይማርህ በይው» ብለው ብርጭቆ ወደ ማጠቡ ተመለሱ። ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓሪፍ እያነከሰ ገባ። ውሃ ሳይጠጣ ነው የተናገረው። ሳሙኤል ደምሴን በዓይኑ አይቶታል፤ ደህና ነው፤ ለእናቱም፣ ካልሲ የለኝም፣ ጫማ ግን አለኝ ብሏል። የሞተው ሌላ ልጅ ነው። ዓሪፍ መቃብሩ ድረስ ሄዶ ከተተከለው እንጨት ላይ ስሙን አስነብቧል። ሳሙኤል ሀይሉ ይላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

እኔ ዘልዬ ዓሪፍን አቀፍሁት። ጋሽ ሚስባህን ሳየው ግን መነጽሩን አላወለቀም። «የማንጎ ጫኙ» አለ ቀስ ብሎ። ከወንዙ ማዶ፣ ፍራፍሬ እርሻው ዳር የሚኖሩት የጋሽ ሀይሉ ልጅ ነው፤ ማንጎ በመኪና የሚጭን። አባቱ ልጄ አዲስ አበባ ገብቷል ብለው ስለሚያምኑ አንድም ቀን መልእክት ሊልኩ መጥተው አያውቁም።

ጋሽ ሚስባህ በቀጥታ ወደ ጋሽ አስፋው ቤት ሄደና ሁለቱንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። እኔ አብሬው ነበርሁ። ጋሽ አስፋው መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ የቀረው ገባቸው። «የአባቱ ወገን እዚህ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ሸሽቷል። «እንግዲያው ወገኑ እኛ ነን» አሉና ጋቢያቸውን አነሡ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ አምስት ወንዶች ወንዙን ተሻገሩ። ሦስቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም። ጋሽ ሚስባህ ከጋሽ አስፋው ጎን ነበር የሚሄደው። እኛ ሴቶቹ ውሃና ቆሎ ይዘን ከኋላ ቆየት ብለን ተከተልን። የጋሽ ሀይሉ ድምፅ እስከ ድልድዩ ተሰማ። እዚያ ለቅሶ ላይ እንደ እትዬ ሸዋዬ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ዘመድዎ ነው ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «በልጄ ስም የመጣ ሞት ነበር፤ እሳቸው ወሰዱልኝ» አሉ። ጋሽ ሚስባህ ሦስቱንም ቀን ከጋሽ ሀይሉ አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ አልተነጋገሩም። ከዚያ በኋላ ደሴም ተያዘች፤ ዓሪፍም ወዲያ መሻገሩን ተወ።

ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ወጣ፤ መንገዱም ተከፈተ። ጋሽ ሚስባህና እኔ የእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወልድያ ገባን። መምህር ስዩምም ከሸሸበት መጥቶ ግቢው በር ላይ አገኘን። ኮሪደሩ በመስታወት ስብርባሪና በተቀዳደደ የፈተና ወረቀት ተሞልቷል። ስቱዲዮው በር የለውም። ሚክሰሩ የለም፣ ማይክሮፎኖቹ የሉም፣ ካቢኔው በጀርባው ተንጋሎ ባዶውን ነው። የእንቁላል ካርቶኑን ሳይቀር ነቅለው አንድደውታል። ጋሽ ሚስባህ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ከጓዳው የተረፈ መጥረጊያ ፈልጎ መጥረግ ጀመረ። መምህር ስዩም ኮቱን አውልቆ አገዘው። አንዳቸውም ሲያለቅሱ አላየሁም።

ጋሽ ሚስባህ ኀዘኑ የመጣበት በኋላ ነው። በተከታዩ ክረምት ከየገጠሩ ሰው ወደ ኮሌጁ ይመጣ ጀመር። በጦርነቱ አባታቸው ወይም እናታቸው ያረፉባቸው ልጆች ናቸው፤ ከዓመታት በፊት የእናንተ ተማሪ መጥቶ ድምፃቸውን ቀድቶ ነበር፣ እባካችሁ አሰሙን ይላሉ። ጋሽ ሚስባህ እያንዳንዱን ሰው አስቀምጦ፣ ጠፍቷል ብሎ በራሱ አፍ ይነግራል። አንድ ቀን በሚኒባስ ስንመለስ፣ «ሃርድ ዲስኮቹን ከሕፃኗ ጋር እችላቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ደክሞኝ ነው ያልሞከርሁት» አለኝ። አብሽር ጋሼ፣ ብቻ አልሁት።

ከዚያ እኔና መምህር ስዩም ለድሮ ተማሪዎች መጻፍ ጀመርን። ማንም የመመረቂያ ቅጂውን ኮፒ ያስቀረ ካለ ይላክልን አልን። ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዱም ከዱባይ ላከ። አሮጌ ፍላሽ፣ የተሰነጠቀ ስልክ፣ የኢሜይል ሣጥን ውስጥ የተረሳ ነገር። ከሦስት መቶ በላይ ከነበረው ሠላሳ አራት ተመለሰ። ጋሽ ሚስባህ አንድ በአንድ እያዳመጠ የተናጋሪውን ሙሉ ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን በመዝገብ ጻፈ። ሦስት ቤተሰቦች የአባታቸውን ድምፅ አገኙ። ሌሎቹ አላገኙም።

በ2016 ጡረታ ወጣ። እኔ አሁን በዚያው ኮሌጅ ረዳት መምህርት ነኝ፤ ስቱዲዮው አዲስ ዕቃ ገብቶለታል፣ ግድግዳውም እውነተኛ ስፖንጅ አለው። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስልካቸውን ሲያወጡ አያለሁ፤ የሚያወራላቸው ሰው ስለሌለ አልፈርድባቸውም።

ባለፈው የገበያ ቀን መርሳ ቤተሰብ ጥየቃ ወርጄ ጋሽ ሚስባህ ሱቅ ጎራ አልሁ። ጋሽ ሀይሉ እዚያ ተቀምጠዋል። በገበያ ቀን ሁልጊዜ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ፣ ልጃቸው ማንጎ ሲጭን ምናልባት አንድ ተማሪ ገበያውን ሲቀዳ ድምፁ ገብቶ እንደሆነ ጠይቀውት ነበር። ጋሽ ሚስባህ ሠላሳ አራቱንም ከነጫጫታቸው ደግሞ ደግሞ አዳመጠና እንደሌለ ነገራቸው። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላም መምጣታቸውን አልተውም። እኔ ስገባ ሁለቱ ሽማግሌዎች የግራና አንድ ገበሬ ስለ ዝናብ የሚናገረውን ቅጂ ይሰሙ ነበር። ጋሽ ሚስባህ በጣቱ ዝም በይ አለኝና ወንበር ሰጠኝ። ገበሬው ተናግሮ እስኪጨርስ አብሬያቸው ሰማሁ፤ ከዚያ ለወልድያ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሄድብኝ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።